«ኩላሊት ነው» እያልን እስከ መቼ?

ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው የካዚኖዎቹን ሽንት ቤት ከባለቤቶቹ በላይ ያውቃል። የትኛው ለበሩ ቅርብ እንደሆነ፣ የትኛው ጋ ቫሌዎቹ መኪና ለሁለት ደቂቃ እንደሚያስቆሙ፣ የትኛው ጋ ደግሞ ወዲያው እንደሚያባርሩ፣ አዲስ ለገባ ሹፌር እንደ አንድ ሙያ እናስተምረዋለን። ኤርፖርት ወረፋ ይዘን ስንቆምም ከአገር ቤት ፖለቲካ ቀጥሎ ወሬያችን ይኸው ነው። «እኔ ሌሊት ሦስቴ እነሳለሁ» ይላል አንዱ። «ቡናውን ቀንስ» ይለዋል ሌላው። «ኤሲው ነው፤ ብርድ መቶህ ነው» ይላል ሦስተኛው። ነገሩ ትንሽ ጠንከር ሲል ደግሞ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ እናደርግና «ኩላሊት ነው» እንላለን።

ምስኪን ኩላሊት! ስንቱን ተሸከመልን። ከወገብ በታች ያለ የወንድ ሕመም ሁሉ በእኛ ቋንቋ ኩላሊት ነው። ስሙን መጥራት ነውር ስለሚመስለን ሁሉንም በአንድ ከረጢት እንጨምረዋለን።

እኔ 54 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶብኝ ታክሜያለሁ። ወራት ሳይቆይ ኮምቦልቻ ያሉት ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የሽንት ፊኛ ካንሰር ተገኘባቸው። ሰፈራቸው ጎን ለጎን ነው እንጂ ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ምልክታቸው ይለያያል፣ መንስኤያቸው ይለያያል፣ ሕክምናቸውም ይለያያል። «ኩላሊት ነው» የሚለው ቃል ግን ሁለቱንም እኩል ይደብቃቸዋል። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ላውራ።

ፕሮስቴት ወንድ ሁሉ ያለው፣ ትንሽ የአገራችን ሎሚ የምታህል ዕጢ ናት። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጣ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ትከበዋለች። ዕድሜ ሲገፋ ታድጋለች፤ ስታድግ ቧንቧውን ትጫነዋለች። ሽንት የሚቀጥነው፣ የሚንጠባጠበው፣ ሌሊት የሚያስነሳው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው። ይህ የዕድሜ ጉዳይ እንጂ ካንሰር አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ይሄኔ ነው፦ «እኔ ሽንቴ ደህና ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ነኝ» ይላል። የፕሮስቴት ካንሰር ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዕጢዋ ውጨኛ ጠርዝ በኩል ስለሆነ ገና በለጋነቱ ቧንቧውን አይነካም። አያምም፣ አያቃጥልም፣ አይናገርም። ጀርባና ዳሌ አጥንት ማመም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ከዕጢዋ ወጥቶ ተሰራጭቷል ማለት ነው።

እኔም ምንም አልተሰማኝም ነበር። የዓመት ምርመራ ሄጄ ሐኪሜ «ዕድሜህ ከ45 አልፏል፣ ጥቁርም ነህ፤ ፒኤስኤ እንጨምርበት?» አለችኝ። ፒኤስኤ ፕሮስቴት የምታመነጨው ፕሮቲን ነው፤ በደም ይለካል። የእኛ ወንዶች ከዚህ ምርመራ የሚሸሹት በጣት ነው የሚመረምሩኝ ብለው ነው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚጀምሩት በደም ነው። ከክንድ አንድ ብልቃጥ ደም ነው፣ አለቀ።

የእኔ 7.2 መጣ። ለረጅም ጊዜ እንደ መስመር ሲያገለግል የኖረው ቁጥር 4 ነው። ግን 7.2 ማለት ካንሰር ማለት አይደለም። የሽንት ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል፣ የዕጢ ማደግ ከፍ ያደርገዋል፣ ብስክሌት መንዳትና የባልና ሚስት ግንኙነትም ለአንድ ሁለት ቀን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በተቃራኒው ለዕጢ ማደግ ወይም ለፀጉር መሳሳት ፊናስተራይድ የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁጥሩ በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ለሐኪሙ መናገር አለበት። ስለዚህ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደገሙልኝ፤ 7 መጣ። ወደ ዩሮሎጂስት ላኩኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ በአንድ በኩል ጥላ ታየ። ከዚያ ባዮፕሲ፤ ከጥላውና ከተለያየ ቦታ በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰዱ። ማደንዘዣ ስላለው ከሕመሙ ይልቅ የመርፌው የቀጭታ ድምፅ ነው ያስደነገጠኝ። ለሁለት ሦስት ቀን ሽንቴ ላይ ደም አየሁ፤ ይህን አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልፈራሁም።

እዚህ ላይ ስለ አስተርጓሚ ሳልናገር አላልፍም። ታክሲ ለመንዳት የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ። ለካንሰር የሚበቃ ግን የለኝም። ውጤቱን ልሰማ በሄድኩበት ክሊኒክ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ስላቸው፣ ሾፌር ሆና ይዛኝ የመጣችውን የ16 ዓመት ልጄን እያዩ «እሷ ትተርጉምልህ» አሉኝ። አስቡት እስቲ! ልጄ ለአባቷ ስለ ብልት መቆምና አለመቆም ልትተረጉም! «አይሆንም» አልኩ። «ልጄ የውጭው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እናንተ አስተርጓሚ ጥሩ፤ ካልሆነም ሌላ ቀን ቅጠሩኝ።» ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁና በስክሪን አንዲት እህት ቀረበች። እያንዳንዱን ቃል ያለ እፍረት በጥሩ አማርኛ አስቀመጠችልኝ። ይህ ውለታ አይደለም፣ መብት ነው። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚቀበለውን ጨምሮ፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በኋላም በኦባማኬር ሕግ መሠረት በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ማለት ብቻ ይበቃል። ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ ብትናገሩ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።

ውጤቱ «ግሊሰን 7፣ 3 ሲደመር 4» ይላል። ይህ የነጥብ አሰጣጥ በ1960ዎቹ ዶክተር ዶናልድ ግሊሰን ያወጣው ነው። ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ምን ያህል ከጤነኛው መልክ እንደራቁ የሚለካ ነው። ዛሬ ለካንሰር የሚሰጠው ዝቅተኛው ድምር 6 ነው፣ ከፍተኛው 10። ስለዚህ 6 የሰማ ሰው «ከአሥር ስድስት!» ብሎ አይደንግጥ፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሳይነኩት በክትትል ብቻ ይቆያል። 7 ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። 3 ሲደመር 4 ከ4 ሲደመር 3 ይሻላል፤ በፊት የተጻፈው ቁጥር በናሙናው ውስጥ በብዛት የታየው ስለሆነ። ድምሩ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን የተለያየ ነው። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ቅደም ተከተሉን ጠይቁ።

የዚያኑ ቀን ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ልጆቹ እስኪተኙ ጠብቀን ኩሽና ተቀመጥን። «ካንሰር» የሚለውን ቃል ስጠራው ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ቀድታ ጨረሰች፣ ስኳሩን አማሰለች፣ ከዚያ «ስንተኛው ደረጃ ነው?» አለች። ሴት ልጅ! እኔ ገና ቃሉ ላይ ስንገዳገድ እሷ መንገዱ ላይ ነበረች።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው በንቃት መከታተል፦ ደም፣ ኤምአርአይና ባዮፕሲ በየጊዜው እያደረጉ ካልባሰ አለመንካት። ሁለተኛው ጨረር። ሦስተኛው ዕጢዋን በቀዶ ሕክምና ማውጣት። «የትኛው ያድናል?» ብዬ ጠየቅሁ። ዶክተሩ እንግሊዝ አገር ስለተሠራ ትልቅ ጥናት ነገረኝ። 1,643 ወንዶች በዕጣ በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ክትትል፣ አንዱ ጨረር፣ አንዱ ቀዶ ሕክምና አግኝተው ለ15 ዓመት ያህል ታይተዋል። በ2023 ውጤቱ ሲወጣ በሦስቱም ክፍል በፕሮስቴት ካንሰር የሞተው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነበር። ይህን ስሰማ ከትከሻዬ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ተሰማኝ። ግን ወዲያው «ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ናቸው» ብሎ ጨመረልኝ። እዚህ አሜሪካ ከስምንት ወንዶች አንዱ በዕድሜው ዘመን ይህ ካንሰር ይገኝበታል። ከጥቁር ወንዶች ከስድስት አንዱ ነው፤ የመሞት ዕድላቸውም በእጥፍ ይበልጣል። ይህም ቢሆን በአብዛኛው የተጠናው እዚሁ ተወልደው ባደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ነው። እኛ ሐበሾች ቅጹ ላይ «ብላክ» የሚለውን ምልክት አድርገን እንገባለን። ሐኪሜ ያለኝ «ለጥንቃቄው እንደነሱ እንቁጠርህ» ነው፤ ተስማማሁ።

ዋጋውም ተነገረኝ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሽንት አይያዝም፤ ጥቂቶች ላይ ይቀራል። የወንድነት ነርቮች ዕጢዋን ተጠግተው ስለሚያልፉ እነሱም ይጎዳሉ፤ መመለሱ አንድ ሁለት ዓመት ሊወስድ፣ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል። ጨረር በበኩሉ አንጀትን ሊያውክ ይችላል፤ የወንድነቱም ጉዳይ ቀስ እያለ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ባለቤቴ አብራኝ ተቀምጣ ሰማች። መኪና ውስጥ ስንገባ «እኔ የማገባው ሌላ የለኝም፤ አንተ ብቻ ኑርልኝ» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አለቀስን።

ቀዶ ሕክምናውን መረጥኩ። ገና 54 ዓመቴ ስለሆነ፣ ዕጢዋ ወጥታ ሙሉ በሙሉ መመርመሯን ስለፈለግሁ፣ በኋላ ካስፈለገ ጨረር በመጠባበቂያ ይቆያል ስለተባልኩ ነው። ሌላ ሰው በዚሁ ውጤት ጨረር ቢመርጥ ትክክል ነው። በሮቦት ነው የሠሩኝ፤ ማለትም ሐኪሙ የሚያንቀሳቅሳቸው ቀጫጭን እጆች በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተው። አንድ ሌሊት አደርኩ። የሽንት ቱቦ ለሳምንት ያህል ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ፓድ። አዎ፣ ፓድ። ወንድ ልጅ ኮስትኮ ገብቶ ፓድ ሲገዛ ካሸሪዋ ምንም አትልም፤ ሞክሬዋለሁ። በአራተኛው ወር ማታ ማታ ተውኩት፤ በስድስተኛው ወር ቀንም ተውኩት። ፒኤስኤዬ አሁን ሊለካ ከማይችል በታች ነው። ሌላው ጉዳይ ቀስ እያለ ነው፤ መድኃኒትም አለው፤ ትዳራችን ደህና ነው።

ስድስት ሳምንት ሥራ ሳቆም ወሬው ኤርፖርት ደረሰ። ጓደኞቼ እንጀራና ወጥ ይዘው መጡ፣ ዕቁባችን ዕጣዬን አስቀደመልኝ። ባለቤቴ በር ላይ «ምን ሆነ?» ሲሏት «የፕሮስቴት ካንሰር ነበረበት፤ ወጥቶለታል» ትላቸው ነበር። ቃሉ ሳሎናችን ውስጥ ሲወድቅ ለአንድ ደቂቃ ሁሉም ዝም ይላል። ከዚያ ሲወጡ አንድ በአንድ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። አንዱ «እኔም ያ ነገር ከፍ ብሏል ብለውኝ ነበር፣ ደብዳቤው ቤት አለ» አለኝ። ሌላው አባቱ «በኩላሊት» እንደሞቱ ነገረኝ፤ ግን በመጨረሻ ጀርባቸው ነበር ያሠቃያቸው። ያ ቤተሰብ አባታቸው የሞቱበትን በትክክል ቢያውቅ ኖሮ ልጆቹ ከመቼ ጀምረው መመርመር እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። አባት ወይም ወንድም ይህ ካንሰር ከነበረበት የልጁም ዕድል በእጥፍ ያህል ይጨምራልና። የተደበቀ በሽታ አንድ ሰው ብቻ አይጎዳም፤ ለልጅ የሚተላለፈውን ማስጠንቀቂያም አብሮ ይቀብራል።

መደበቅ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስተን በዲሴምበር 2023 ለዚሁ በሽታ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ለፕሬዚዳንቱ እንኳ አልተናገሩም። ኢንፌክሽን ይዟቸው ሆስፒታል ሲመለሱ ነው ነገሩ የወጣው። ያን ሁሉ ጦር የሚያዙ ሰው ይህችን ቃል ማውጣት ከበዳቸው። በተቃራኒው በ1962 ኮልፌ መጥተው የሠለጠኑት ኔልሰን ማንዴላ በ2001 ካንሰሩ ሲገኝባቸው ለሕዝብ ተነገረ፤ ጨረር ታከሙ፤ ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ኖረው በ95 ዓመታቸው አረፉ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ።

ወንድም ጋሼ ለረጅም ዓመታት የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሲጋራ ከእጃቸው አይለይም ነበር። በስልክ ስለ እኔ ቀዶ ሕክምና ስነግራቸው ቆዩና «እኔም እኮ ሽንቴ ቀላ ይልብኛል» አሉ። ከመቼ ጀምሮ? ከስምንት ወር። ያማል? «ኧረ ምንም አያም፤ መጥቶ ይጠፋል።» ሄደው ታይተው ነበር፤ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተብለው ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደዋል። ደሙ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ መድኃኒቱ የሠራ መሰላቸው።

ይህን አንባቢዎቼ በትልቁ ያዙልኝ፦ ሕመም የሌለው፣ መጥቶ የሚጠፋ የደም ሽንት የሽንት ፊኛ ካንሰር ዋናው ምልክት ነው። አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ቢጠፋም፣ ምክንያቱ መታወቅ አለበት። ጠጠርም ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፤ ግን ሳይታይ አይታለፍም። ሴቶችም ልብ በሉ። በሽታው በወንድ ቢበዛም ሴትንም ይይዛል፤ ሴት ላይ ደግሞ «ኢንፌክሽን ነው» ወይም «የወር አበባ ነው» እየተባለ ይዘገያል።

ዩሮሎጂስቴን በራሴ ቀጠሮ ላይ ስለ ወንድሜ ጠየቅሁት። «ፒኤስኤ አይጠቅማቸውም፤ ፊኛው ውስጥ በካሜራ መታየት አለባቸው» አለኝ። ያንኑ ማታ ደወልኩ። «ወንድም ጋሼ፣ አዲስ አበባ ይሂዱ፤ ወጪው በእኔ» አልኳቸው። «ልጁ አሜሪካ ሄዶ ሐኪም ሆነ!» ብለው ሳቁብኝ፤ ግን ሄዱ። ቀጭን ካሜራ በሽንት ቧንቧ አስገብተው ሲያዩ ፊኛው ግድግዳ ላይ እንደ አበባ ጎመን ያለ ዕጢ በቅሏል። በዚያው መንገድ ገብተው ጠርገው አወጡት፤ ሆድ አልተከፈተም። ናሙናው ዝቅተኛ ደረጃ ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ፊኛው ጡንቻ አልዘለቀም። ጡንቻው ጋ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር፦ ኬሞ፣ ምናልባትም ፊኛውን በሙሉ ማውጣት።

ሐኪሙ ሁለት ጥያቄ ጠየቋቸው። አንደኛው ሲጋራ ነው። ከሽንት ፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። የጭሱ መርዝ ሳንባ ላይ አይቆምም፤ ደም ውስጥ ይገባል፣ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ከዚያ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይጠራቀማል። ሁለተኛው «አዋሽ ውስጥ ገላህን ታጥበህ ታውቃለህ?» የሚል ነው። አገራችን ውስጥ በብዛት ያለው ቢልሃርዚያ የአንጀቱ ነው፤ ግን የሽንት ፊኛውን የሚያጠቃ ሌላ ዓይነትም አለ። በመካከለኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በሱዳን ጠረፍ ኩርሙክ አካባቢ ይታወቃል። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ፊኛውን አቁስሎ ለካንሰር ያጋልጣል። የወንድሜ ከሲጋራው ነው ተባለ፤ ሲጋራውንም ያን ዕለት ጣሉት። በቆላ ያደጋችሁ ወይም የሠራችሁ ግን ይህን ታሪክ ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ እዚህ አገር ያለ ሐኪም በራሱ አስቦ ላይጠይቃችሁ ይችላል።

ስለዚሁ ስንጨዋወት ዩሮሎጂስቴ የነገረኝ አንድ ነገር ግን አስገረመኝ። ዕጢው ላይ ላዩን ሆኖ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ሲሆን፣ ከተጠረገ በኋላ ፊኛው ውስጥ በቱቦ የሚጨመረው መድኃኒት ቢሲጂ ነው። አዎ፣ ያው በልጅነታችን ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወልን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት! የተዳከመው ባክቴሪያ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ ያዘምተዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለስድስት ሳምንት ነው የሚጀመረው። ካናዳ ውስጥ ዶክተር አልቫሮ ሞራሌስ በ1976 ነው ውጤቱን ያሳተሙት፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ወንድሜን አላስፈለጋቸውም፤ የእሳቸው ሕክምና ካሜራ ነው። ይህ ካንሰር መመላለስ ይወዳል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ወር ታዩ፣ ንጹሕ ነው ተባሉ፤ ከዚህ በኋላም ለዓመታት ይታያሉ። «ደህና ነኝ፣ ምን ያመላልሰኛል» እንዳይሉ በየቀጠሮው ዋዜማ እደውላለሁ።

እንግዲህ ለእናንተ በአጭሩ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ጥቁር ወንዶች፣ እንዲሁም አባቱ ወይም ወንድሙ ከ65 ዓመት በፊት የተያዘበት ሰው፣ በ45 ዓመት ከሐኪም ጋር ስለ ፒኤስኤ እንዲነጋገሩ ይመክራል፤ ከአንድ በላይ የቅርብ ዘመድ በለጋ ዕድሜ የተያዘበት ደግሞ በ40። ሌላው ወንድ በ50። ተነጋገሩ ነው የሚለው፤ ምርመራው የራሱ ጣጣ ስላለው። ምንም የማይጎዳ ትንሽ ካንሰር ተገኝቶ ሰው ያለ ምክንያት የሚሰቃይበት ጊዜም አለ። ሜዲኬር ያላቸው አባቶች በዓመት አንድ ጊዜ የፒኤስኤ ደም ምርመራ ያለ ክፍያ ያገኛሉ። የኩሊነሪ ዩኒየን ወገኖቼ፣ ኢንሹራንሳችሁን ተጠቀሙበት። እንደ እኔ በግል የምትሠሩ በኔቫዳ ኸልዝ ሊንክ ተመዝገቡ፤ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ለሜዲኬይድ ዓመቱን ሙሉ ማመልከት ትችላላችሁ።

ሚስቶችና ልጆችም፣ ይህ መጽሔት ከሱቁ በርበሬና ሽሮ ጋር አብሮ ቤት የሚገባው በእናንተ እጅ ነው። ጠረጴዛ ላይ በዚህ ገጽ ገልጣችሁ ተዉት። አገር ቤት ስትደውሉም «ጤና እንዴት ነው?» ብላችሁ «ደህና» ሲሏችሁ አትለፉ። «አባባ፣ ሽንትዎ ቀልቶ ያውቃል?» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። መጀመሪያ ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ! ቁጣው ያልፋል።

ቸር ያሰማን።